በጀፎረው ላይ የተንጠለጠለ አበባ

ሀሊሜ ወልቂጤ ከሄደች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የሄደችው ልጇን ፈቲሀን ልታርስ ነበር። አርባው ቀን ሞላ፤ ሰማንያው ሞላ፤ ሕፃኑ አንገቱን አጸና፣ ተደግፎ መቀመጥም ጀመረ። ሀሊሜ ግን አልተመለሰችም።

ባሏ ሙሀመድሰይድ ከቡታጅራ ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ የመስቃን ገጠር በሚጀምርበት መንደር፣ ብቻውን ቀረ። ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ጥሩምባ የነፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። የማይበላ ነገር ተክሎ አያውቅም። ቃልም አያባክንም። ለሚስቱ ሲደውል ሰላምታውን አሳጥሮ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

«ጨው የት ነው?»

«ከመደርደሪያው ሥር፣ በቆርቆሮው ውስጥ።»

«እሺ።»

ይኸው ነው። በሌላ ቀን የቢላውን ሞረድ ይጠይቃል፤ በሌላው ቀን የበጉን ገመድ።

በኅዳር መጀመሪያ የባትሪ ድንጋይ የት እንዳለ ሊጠይቅ ደወለ። ሀሊሜ ነገረችውና እሱ «እሺ» ሳይል ቀደመችው።

«የፈቲሀ በረንዳ እንዴት እንዳማረ ብታይ። አበባ በቅርጫት አንጠልጥላበታለች። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ። እኔማ ዓይኔ ለመደ። ከእንግዲህ አበባ የሌለበት ቤት እንዴት ብዬ እገባለሁ?»

«እሺ» አለና ዘጋው።

ከዘጋው በኋላ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱ ስትቀልድም የምሯን ስትናገርም ድምጿ አንድ ነው። አርባ አንድ ዓመት አብሯት ኖሮ ይህን መለየት አልቻለም። ወጣ ብሎ ቤቱን ከፊት ለፊት አየው። ግድግዳው የጭቃ ቀለም ነው። በሩ የእንጨት ቀለም ነው። በጉ የበግ ቀለም ነው። ሌላ ቀለም አልነበረም።

ነገሩን በሆዱ አወጣ አወረደ። አበባ ከተንጠለጠለ ትመጣለች፤ ካልተንጠለጠለ አትመጣም። «ነይ» የሚባል አጭር መንገድ እንዳለም አልጠፋውም። ያን መንገድ ግን ነድቶበት አያውቅም።

በማግስቱ ይትባረክ ዘንድ ሄደ። ይትባረክ ከጎጃም መጥቶ ቡታጅራ ሃያ ዓመት የኖረ መምህር ነው፤ ከማስተማሩ ጎን በግቢው ችግኝ አፍልቶ ይሸጣል።

«ብርድ የማይገድለው አበባ አለህ?»

«ሞልቷል ጋሼ። ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ውርጭ እንኳ አይጥለውም። ለምንድን ነው የፈለጉት?»

«ለቤት።»

«ድግስ አለብዎት?»

«ለቤት አልኩህ።»

ይትባረክ ወደ ጥላው ወሰደውና አሳየው። ተክሎቹ አጫጭር ናቸው። አበቦቹ ግን ቢጫም፣ ነጭም፣ ወይን ጠጅም ሆነው በየመሃላቸው ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው፤ ቅንድብና ጢም ያለው ፊት ይመስላሉ። ሙሀመድሰይድ ጎንበስ ብሎ አያቸው። እነሱም አዩት።

«ያፈጣሉ» አለ።

«አበባ ናቸው ጋሼ።»

«ሥራ የፈታ ሰው ይመስላሉ። ሠላሳውን ስጠኝ።»

ይትባረክ እያሸገለት መከረው። አፈሩ ቀለል ያለ ይሁን። ፍግ ጥቂት ይበቃዋል፤ ያውም የበሰለ። ውኃ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ። ከተከሏቸው በኋላ አይነካኳቸው። ሙሀመድሰይድ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልሰማም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንሰት ሲያሳድግ የኖረ ሰው ስለ ተክል ምን ይነገረዋል። የፕላስቲኩን ማንጠልጠያ አነሣ፣ አገላብጦ አየ፣ መልሶ አስቀመጠው። ቤት ያለ ነገር አይገዛም።

ቤት ውስጥ፣ ከመኝታው በላይ፣ ስድስት ስፌቶች በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሀሊሜ በልጅነቷ ሰፍታ ስትዳር ያመጣቻቸው ጎድጓዳ ስፌቶች ናቸው፤ ቀይና አረንጓዴ አለላ እንደ ቀለበት ይዞራቸዋል። በየሐሙሱ አቧራቸውን ትጠርጋለች። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ፍሬ እህል ገብቶባቸው አያውቅም። ሙሀመድሰይድ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመው ነበር። አሁን ገባው። ቅርጫት ናቸው። ተንጠልጥለዋል። የጎደላቸው አበባ ብቻ ነው።

አወረዳቸው። ውስጣቸውን በእንሰት ቅጠል ለበጠ። ከላሟ ሥር የዛሬ ጠዋቱን ፍግ አምጥቶ እስከ አፋቸው ሞላ። ለእንሰት ጥሩ የሆነ ለአበባ አይከፋም። አምስት አምስት አበባ ተከለባቸው፤ በቃጫ ገመድ አስሮ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቀላቸው። እያንዳንዱ ስፌት የጠቦት ያህል ከበደ።

ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ሳሌሃ፣ የበርበሬ ነጋዴው የአብዱልሃፊዝ ሚስት፣ ጎመን ይዛለት መጥታ በሩ ላይ ደረቀች።

«ጋሽ ሙሀመድሰይድ፣ ይህ የሀሊሜ ስፌት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ምንድን ነው ያስገቡበት?»

«ፍግ። ከራሳችን ላም ነው።»

ሳሌሃ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። «አላህ ይሁንዎት» ብላ ጎመኑን አስቀምጣ ሄደች። ሙሀመድሰይድ ምርቃት መሰለው።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንሰት በየጊዜው ከቦታ ቦታ ካልተዛወረ እንደማይወፍር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እንሰት በዓመት ከተዛወረ፣ ይህ ሚጢጢ ነገር በሁለት ቀን መዛወር አለበት ብሎ አሰበ። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ የአንዱን ስፌት አበቦች ነቅሎ ወደ ሌላው ያዛውር ጀመር። በስምንተኛው ቀን ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ይትባረክን አስጠራው።

«ምን አደረጓቸው?»

«አዛወርኳቸው።»

«ለምን?»

«እንዲወፍሩ።»

ይትባረክ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሣና ግማሹን ፍግ ራሱ አውጥቶ አፈር ጨመረበት፤ ዳግመኛ እጁን እንዳያሳርፍባቸው በአላህ ስም አስማለው። ሙሀመድሰይድ ማለ። እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። ነገሩ ቢያስደንቀውም አበቦቹ በሳምንት ውስጥ ቀና ቀና አሉ።

ቀና ሲሉ ደግሞ በጉ አያቸው። የጣሪያው ክፈፍ ዝቅ ያለ ነው። ሙሀመድሰይድ ከስግደት ሲመለስ በጉ በሁለት እግሩ ቆሞ የመጨረሻውን ስፌት ፊቶች አንድ በአንድ ሲቀጥፍ አገኘው። በጉን አሰረ፤ የተበላውን ከይትባረክ አስተካ፤ ከዚያም ወደ ላይ አየ። ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጀፎረው ላይ፣ ትልቅ ዝግባ አለ። መሰላል አምጥቶ ስድስቱንም ከዝግባው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀላቸው። በእውነቱ አማረ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው፣ ሀሊሜም ብትሆን፣ ከመታጠፊያው ጀምራ ታየዋለች።

እዚህ ላይ ስለ ጀፎረ ለማያውቅ መንገር ያስፈልጋል። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚተያዩበት ሰፊ የሣር መንገድ ነው። የሁሉም ነው። ሙሽራ ያልፍበታል፣ ሬሳ ይወጣበታል፣ ከብት ይውልበታል። ማንም አያርሰውም፤ አያጥረውም፤ አይተክልበትም። የተከለ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ በግም ይከፍላል።

አብዱልሃፊዝ ከማዶ ሆኖ መሰላሉን ሲያይ ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ።

«ሙሀመድሰይድ።»

«አቤት።»

«ጀፎረ ላይ ተክለሃል።»

«አልተከልኩም። ሰቅያለሁ።»

«አፈር አለው?»

«አለው።»

«ሥርስ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ?»

«መሬት አልነካም።»

አብዱልሃፊዝ ቀና ብሎ ስድስቱንም ቆጠረ። «አምና አጥሬን አንድ እርምጃ ባስወጣሁ ጊዜ ለሽማግሌ የተናገረው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ሐሙስ እንገናኝ» ብሎ ሄደ። ሲሄድ ያፏጭ ነበር።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሼህ ሰይዶና ሁለት ሽማግሌዎች ዝግባው ሥር ተቀመጡ። መንደሩም ተቀመጠ። ሥራ ያለው ሰው እንኳ ሥራውን ትቶ መጥቷል፤ በአበባ የከሰሰም የተከሰሰም ታይቶ አይታወቅም።

አብዱልሃፊዝ ተነሣ። «ዛሬ አበባ ሰቀለ። ነገ እኔ በርበሬዬን እሰቅላለሁ። ከነገ ወዲያ አንዱ እንሰቱን ይሰቅላል። ከዚያ ሰው አልጋውን ይሰቅልና ይተኛበታል። ጀፎረ ማለት ሣሩ ብቻ ነው እንዴ? ላዩስ?»

ሼህ ሰይዶ አሰበበት። «ጀፎረ ወደ ላይ እስከ የት ነው?» ብሎ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጠየቀ። ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ሕግ ውስጥ ይህን የጠየቀ የለም።

«እስከ ሰማይ ነው» አለ አንደኛው።

«ታዲያ አውሮፕላኑ ማንን አስፈቅዶ ነው የሚያልፈው?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰው።

«ዝም በል።»

በመጨረሻ ሼህ ሰይዶ መላ አገኘ። ጀፎረ የማለፊያ ነው። ፈረሰኛ ሳይነካው ካለፈ አበባው ጀፎረውን አልያዘም፤ ከነካው ይዟል። ፈረስ ይምጣ ተባለ። በፈረሱ ማን ይቀመጥ ሲባል አብዱልሃፊዝ ከሳሽ እኔ ነኝ ብሎ ወጣ። ከዝግባው ሲደርስ እርካቡን ረግጦ ብድግ አለ። ጭንቅላቱ በሦስተኛው ስፌት አበቦች መሃል ገባ። ፈረሱ ግን አልቆመም። አብዱልሃፊዝ በማዶ ሲወጣ ኮፍያው የለም፤ ጆሮው ላይ አንዲት ቢጫ አበባ ተሰክታለች፤ ጢሙ ላይ ፍግ አለ።

«ነካኝ» አለ።

«ቆሞ ነው የጋለበው» አለ ሙሀመድሰይድ።

«ቆሞ መጋለብ ክልክል ነው?»

«ሙሽራ ቆሞ አያልፍም። ሬሳም ቆሞ አያልፍም።»

ሰዉ ሳቀ። ሼህ ሰይዶ በከዘራው መሬቱን መታና ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ሙሀመድሰይድን ትክ ብሎ አየው።

«እኔ አንተን ከልጅነትህ አውቅሃለሁ። የአደንጓሬ አበባ እንኳ ዞር ብለህ አይተህ አታውቅም። ምን አግኝቶህ ነው?»

ሙሀመድሰይድ መሬት መሬቱን አየ። «ሀሊሜ አበባ የሌለበት ቤት አልገባም ብላለች።»

ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሼህ ሰይዶ ግን አልሳቀም። ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው።

«አሰላሙ አለይኩም ሀሊሜ። ሰይዶ ነኝ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም ሼህ ሰይዶ። ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«የሞተ የለም። ባልሽ አበባ ተክሎ ነው።»

«አሞታል እንዴ?» አለች።

«ደህና ነው። አበባ የሌለበት ቤት አልገባም ብለሽዋል?»

«ኧረ ቀልዴን ነው።»

ሙሀመድሰይድ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ስድስት ስፌት፣ ሁለት ጊዜ የተገዛ አበባ፣ የሽማግሌ ፊት፣ ፈረስ፤ ሁሉም በቀልድ።

«ታዲያ ለምን አትመጪም?» አለ ሼህ ሰይዶ።

«ነይ ያለኝ ማን ነው? በአምስት ወር ውስጥ ጨው ፈለገ፣ ሞረድ ፈለገ፣ ገመድ ፈለገ፣ የባትሪ ድንጋይ ፈለገ። እኔን የፈለገበት ቀን የለም።»

ሰዉ አጉረመረመ። አብዱልሃፊዝ እንኳ አበባዋን ከጆሮው ሳያወርድ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰማህ?» አለ ሼህ ሰይዶ።

«ሰማሁ።»

«በል፣ ነይ በላት።»

«በጉን ልክፈል» አለ ሙሀመድሰይድ።

«በግ የጠየቀህ የለም።»

«ሁለት ልክፈል።»

«አንዲት ቃል ናት፣ አንተ ሰው። የሚያልቀውም የእኔ ካርድ ነው።»

ስልኩን አፉ ሥር ያዙለት። ሙሀመድሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ቃሏ እዚያው ጉሮሮው ላይ ናት፤ ሰው ሁሉ ያያታል። መጨረሻ ላይ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ሀሊሜ።»

«ምንድን ነው?»

«አበባውን በስፌቶችሽ ነው የተከልኩት።»

«በየትኞቹ ስፌቶች?»

«በግድግዳው ላይ በተሰቀሉት።»

«ስንቱን?»

«ስድስቱንም።»

«ዝም ብለህ አበባውን አስቀመጥክባቸው?»

«ፍግ አለበት።»

ከወዲያ ሕፃኑ ሲያለቅስ ተሰማ። አንድ ነገር ወደቀ። «እንዳትነካቸው» አለች ሀሊሜ። «ማንም እንዳይነካቸው። መጣሁ።»

ተዘጋ። ሼህ ሰይዶ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየው። «ይህስ ‹ነይ› ከማለትም ይፈጥናል» አለ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር አንሾካሾከና ፍርዱ የስፌቱ ባለቤት እስክትመጣ ይቆይ አለ።

ሀሊሜ በማግስቱ ጠዋት፣ ሰዉ ለጁምዓ ሳይዘጋጅ፣ ከባጃጅ ወረደች። ያን ጠዋት መንደሩ በሙሉ ጀፎረው ላይ ጉዳይ ነበረው። አብዱልሃፊዝ የሰው ፈረስ ያጥብ ነበር። ሙሀመድሰይድ ዝግባው ሥር ቆሟል፤ የክት ጃኬቱን ለብሷል።

ሰላም አላለችውም። በርጩማ አስመጥታ ወጣችበት፤ የመጀመሪያውን ስፌት ዙሪያውን አየች፤ ከሥር በጣቷ ነካ አደረገችው። ጣቷ ገብቶ በፍጉ ውስጥ ጠፋ። ሁለተኛውንም ነካች። ስድስቱንም ነካች። የአንዳቸውም ቂጥ ጤነኛ አልነበረም።

«አለላውን የነከረችልኝ እናቴ ናት» አለች።

«ጥሩ ስፌቶች ነበሩ» አለ ሙሀመድሰይድ።

«ነበሩ።»

ከበርጩማው ሳትወርድ ወደ ሼህ ሰይዶ ዞረች። «ሼህ ሰይዶ፣ ክሱ የማን ነው?»

«የአብዱልሃፊዝ ነበር። አሁን ያንቺ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው በግ አልፈልግም። ስድስት ስፌት ይስፋልኝ። በገዛ እጁ። እዚሁ ጀፎረው ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እያየው።»

በመንደሩ ስፌት የሰፋ ወንድ የለም። ሙሀመድሰይድ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ ዛፉን አዩ። አብዱልሃፊዝ የፈረሱን ልጓም ለቀቀና ክሴን አንሥቻለሁ አለ፤ ይህ ይበቃኛል አለ። ሼህ ሰይዶም ተነሥቶ ፈረደ። የተንጠለጠለ አልተተከለም፤ ተቀምጦ የሚጋልብ ሰው ሳይነካው ካለፈ ይቆያል፤ ሙሀመድሰይድ ስድስት ስፌት ይሰፋል።

«አበቦቹስ ይውረዱ?» አለ ሙሀመድሰይድ።

ሀሊሜ ገና በርጩማው ላይ ናት። አንዷን ነጭ አበባ በአንድ ጣቷ ቀና አድርጋ አየቻት። «ምን አጠፉ?» አለችና ወረደች። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሀመድሰይድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ ዝግባው ሥር ይቀመጣል። ወስፌ በቀኙ፣ የስፌት ሣሩ፣ አክርማው፣ በግራው። የጭነት መኪና መሪ የለመደ ጣት ነው፤ ወስፌው ከሣሩ ይልቅ አውራ ጣቱን ያገኛል። ሀሊሜ አጠገቡ ተቀምጣ ታያለች።

«ፍታው።»

ይፈታዋል።

«አሁንም ጠማማ ነው። ፍታው።»

ይፈታዋል። የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል። አብዱልሃፊዝ በየቀኑ የራሱን በርጩማ ይዞ ይመጣል። «ይህ ምንድን ነው፣ የጀበና ማስቀመጫ ነው?» ይላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሀሊሜ ውሳኔዋን ነገረችው። «ስድስተኛው እንዳለቀ ወልቂጤ እመለሳለሁ። ሕፃኑ ናፍቆኛል።» እሱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ የሥራው ፍጥነት ተለወጠ። ታኅሣሥ አለቀ፤ የመጀመሪያው ስፌት ቂጥ የሲኒ ማስቀመጫ አላከለም። ጥር ገባ፤ እንዲያውም ያነሰ መሰለ።

ከማዶ ሆና ነገሩን የደረሰችበት ሳሌሃ ናት። ሀሊሜ ለሶላት ገባ ስትል ሙሀመድሰይድ ግራና ቀኙን ያያል፤ ሁለት ዙር ያህል ይፈታል፤ ሣሩን ኪሱ ይከታል፤ ስትመለስ አጎንብሶ ይወጋል። ሦስት ቀን አይታ አረጋገጠችና አንድ ቀን ወደ ጓዳ ተከትላት ገባች።

«ሀሊሜ፣ ባልሽ እኮ ይፈታዋል።»

«አውቃለሁ» አለች ሀሊሜ።

«ታዲያ ዝም ትይዋለሽ?»

ሀሊሜ እጇን አደረቀች። ስልኳን አነሣችና ፈቲሀ ጋ ደወለች፤ ከሰላምታ በኋላ የቀሩትን ልብሶቿን፣ ሁለቱንም ጫማዋን፣ ወፍራሙንም ጋቢ በሚኒባስ እንድትልክላት ነገረቻት። ከዚያ ወጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ስፌቱን ከእጁ ተቀብላ ዙሪያውን አየችው።

«ፍታው» አለች።